ትምጣልኝ በያት

እህቴ ከመሞቷ አሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ለልጇ እንዳደርስላት አንድ ቃል ሰጥታኝ ነበር። ልጇ ያን ጊዜ ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ቃሉን አላደረስኩም። በእሱ ፋንታ ሌላ ቃል አደረስኩ።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ኮልፌ ውስጥ በሦስት በአራት መልክ ስለሚወራ ነው። ጎረቤቴ በአንድ መልክ ታወራዋለች፤ የእድራችን ሰብሳቢ የሆኑት ሀጂ በሌላ መልክ ያወሩታል። ሁለቱም ሲያወሩት እነሱ የሉበትም። የእነሱን ድርሻ ለእነሱ እመልሳለሁ። የራሴን ግን ማንም እንዲያነሳልኝ አልፈልግም። ስም አልጠራም። የሚያውቀን ያውቀናል፤ የማያውቀን ስማችንን ባይሰማ ምንም አይጎድልበትም።

እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ከገጠር የወጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አባታችን ሲሞት መሬቱን ወንድሞቻችን ተካፈሉት፤ ለሴት የተረፈ አልነበረም። እህቴ ተድራ እዚያው ቀረች። እኔን አንድ ነጋዴ ዘመዳችን ይዞኝ መጣና መርካቶ አንድ ሀብታም ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሳገኝ ለእናቴ ስኳር እልካለሁ፤ አንድ ጊዜ ሻርፕ ላክሁ። ሰውየው ሲመለስ የእህቴን መልእክት ያመጣልኛል፦ «እናታችን ተቀብላለች። አላህ ያሳድግሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ ብላ መርቃሻለች።» ያን ምርቃት ይዤ ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን እስቃለሁ።

በጥር እህቴ ከአጎታችን ጋር መጣች። እመቤቲቱ ጠርታ ሳሎን አስቀመጠችኝ። ሳሎን ተቀምጬ አላውቅም ነበርና ነገሩ የገባኝ ያኔውኑ ነው። እናቴ የሞተችው ነሐሴ ውስጥ ነበር። አምስት ወር ሙሉ የሞተች ሴት ስትመርቀኝ ኖራለች።

አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ እህቴን ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኋት።

«አዲስ ቤት ገብተሽ ነበር» አለችኝ። «ብትሰሚ ጥለሽ ትመጫለሽ። መጥተሽስ ምን ትበያለሽ?»

ሌላ ነገር አላለችም። እኔም ሁለተኛ አላነሳሁባትም። ይዤው አረጀሁ።

ባሏ ሲሞት ልጇን አዝላ እኔ ዘንድ መጣች። ልጅቷ በአርባ ዓመቷ ያገኘቻት አንድ ፍሬ ናት። እኔ ያን ጊዜ ልብስ ስፌት ተምሬ ከኮልፌ ገበያ በላይ የራሴን ሱቅ ከፍቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ አንድ ክፍል አስገኘሁላት። እሷ ጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች፣ እኔ እየሰፋሁ፣ ልጅቷ በሁለታችን መሀል አደገች። ምሳዋን እኔ ጋ ትበላለች፣ ራቷን እናቷ ጋ። የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ ነበር። እህትማማቾች ነን፤ ተኳርፈን አናውቅም። ተፋቅረንም አናውቅም ብል ግን ውሸት አይሆንም።

ልጅቷን ማን ላካት የሚለው የመጀመሪያው ክርክር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። ሁለት ዓመት ሰው ሱቅ ቆማ ጫማ ሸጠች። አብረዋት የተማሩት የሰፈራችን ልጆች አንድ በአንድ ወጡ፤ አንዷ ቤሩት፣ ሌላዋ ጂዳ፣ ሌላዋ ኩዌት። በዒድ ቀን ተሰብስበው ይጨፍሩ የነበሩት ልጆች ሦስት ብቻ ቀሩ። ከሦስቱ አንዷ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ አንቺ ስትወጪ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ስድስት።»

«አልፈራሽም?»

«ለመፍራት ማን ጊዜ ሰጠኝ?»

ሳቀች። «እኔ ሃያ ሁለት ሆኖኛል፤ ከኮልፌ አስኮ ስሄድ እንኳ እማ ሦስቴ ትደውላለች።»

«እንግዲያው እስክታረጂ እየተደወለልሽ ኑሪ» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አስኮ ወደሚገኘው ኤጀንሲ ይዣት የሄድኩትም እኔ ነኝ፤ እናቷ አልሄድም ስላለች። አባያዋን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ልጅቷ በሄደች በሳምንቱ እህቴ ጉልት ላይ ሴቶቹ ሁሉ በተቀመጡበት፣ እኔ ሽንኩርት ልገዛ በቆምኩበት እንዲህ አለች፦

«እሷ የልጅ ሆድ የት ታውቅና! የእኔን ልጅ አሳልፋ ሰጠችብኝ።»

ልጅ የለኝም። ይህን ኮልፌ ሁሉ ያውቃል፤ ማስታወስ አያስፈልገውም ነበር። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት ከሌላ ጉልት እገዛ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ እህቴ ጉሮሮዋን ታመመች። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ዝንጅብል አፈላንላት። ኋላ ሆስፒታል ስንመላለስ ከረምን፤ ሐኪሞቹ በመጨረሻ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን። ድምፅዋ ጠፋ። ትንፋሽ ብቻ ቀረላት፤ እሱም ጆሮን ከአፏ ካላስጠጉ አይሰማም። ልጇ እንዳትደነግጥ «ጉሮሮዬን ታምሜ ሐኪም አትናገሪ ብሎኛል በያት» አለችኝ። ይህን የመጀመሪያውን ውሸት ያዘዘችው ራሷ እህቴ ናት። እሱ የእኔ አይደለም።

የልጅቷ አሠሪ ስልኳን የምትሰጣት አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሳምንቱን ወሬዋን በድምፅ ቀድታ ትልካለች። እኔ እህቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ጆሮዋ አጠገብ አድርጌ አሰማታለሁ። ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አፏ ላይ አደርጋለሁ። የተናገረችውን ሰምቼ ቀና እልና የድምፅ መቅጃውን ቁልፍ ተጭኜ በእኔ ድምፅ እልክላታለሁ፦ «እናትሽ እንዲህ ትልሻለች።» ለሁለት ወር ያህል የሠራነው እንደዚህ ነው። ሐቀኛ ነበርኩ። ስታማኝ እንኳ አድርሻለሁ። አንድ ጊዜ «የአክስትሽ ሾርባ ጨው የለውም በያት» አለችኝ፤ አልኩላት፤ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

ያን አርብ ልጅቷ ስለ ሕፃናቱ፣ ስለ ሩዙ፣ ጣሪያ ላይ ስለምታሰጣው ልብስ አወራች። አውርታ ስትጨርስ ጎንበስ አልኩ። እህቴ አንገቴን በእጇ ያዘችኝ። ያን ያህል ጉልበት ያላት አልመሰለኝም ነበር።

«ትምጣልኝ በያት» አለች።

ቀና አልኩ። ቁልፉን ተጫንኩ። እንዲህ አልኩ፦ «እናትሽ በርቺ ትልሻለች። እኔ ደህና ነኝ፣ ኮንትራትሽን በሰላም ጨርሺ ትላለች።»

እህቴ ጉሮሮዋን እንጂ ጆሮዋን አልታመመችም። አጠገቤ ተኝታ ሰማችኝ። አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጆሮዬን ዝቅ አላደረግኩም። ስልኩን በቀሚሴ ጠርዝ መጥረግ ጀመርኩ። እሷም ትንሽ ቆይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ለምን እንዳደረግሁት ሰው ቢጠይቀኝ የምሰጠው ጥሩ መልስ አለኝ። ኮንትራቷ ሊያልቅ ስምንት ወር ከምናምን ይቀረዋል። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው። ልምጣ ብትል አይለቋትም፤ ጠፍታ ብትወጣ ሕገ ወጥ ሆና መንገድ ላይ ትቀራለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስደት የሄደ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ግን ያን ቁልፍ ስጫን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ያሰብኩት ሌላ ነው። ልጅቷ ባዶ እጇን በመሀል ብትመለስ «አሳልፋ ሰጠችብኝ» ያለችው እህቴ ልክ ልትሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ከዚህ በታች የሆነ ቦታ፣ ያ የመርካቶ ሳሎን ነበረ። መጥታስ ምን ትበላለች?

የሚቀጥለው አርብ ጎንበስ ስል እህቴ ምንም አላለችኝም። «ምን ልበልላት?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ላይ ባለው አርብም እንዲሁ። «በርቺ ትልሻለች» እያልኩ ላክሁ። ረቡዕ ጠዋት ሞተች፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረች።

የእድሩ ድንኳን ግቢያችን በር ላይ ተተከለ። ሀጂ ከወንዶቹ በኩል ተነሥተው ወደ ሴቶቹ መጡና ከፊት ለፊቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዛሬ «እኔ ምንም አላልኩም» እንደሚሉ ስለሰማሁ የተባለውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ልጅቷ ሰምታለች?» አሉኝ።

«አልሰማችም ሀጂ።»

«እንዳትሰማ። ሰው አገር፣ ሰው ቤት፣ ማን አቅፎ ሊያባብላት ነው? አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ጎረቤቴ ከጎኔ ጣልቃ ገባች። የእሷም ልጅ እዚያው ሳዑዲ ናት። «የእኔዋን አያቷ የሞተች ጊዜ ነግረናት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ማዳሟ በሽተኛ ናት ብላ ልትመልስብን ነበር እኮ! አፋችሁን ያዙ። እኔም ልጄን አደራ እላታለሁ።»

«ስንት ወር ቀራት?» አሉ ሀጂ።

«ስምንት።»

«ስምንት ወር ምን አላት! ስትመጣ በወጉ ትረዳለች።»

አንዲት ሽማግሌ ሴት ከኋላ «ሀጂ፣ ውሸት አይሆንብንም?» አሉ።

«ዝም ማለት ውሸት አይደለም» አሉ ሀጂ፤ ወደ እኔም ዞረው «ስልኩን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ድምፅሽን ለምዳለች። ዝም በይ» አሉኝ።

ዝም በይ ነው ያሉኝ። ፍጠሪ አላሉኝም። ይህችን እሰጣቸዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን አርብ ሆነ። ድንኳኑ ገና አልተነሣም። የሰው ድምፅ እንዳይሰማ ሱቄ ሄጄ በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ስልኩን ከፈትኩ።

«እማዬ! ዛሬ ጉድ ሆኜልሻለሁ። ሩዙ ላይ ጨው ሁለቴ ጨምሬ ማዳም ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችብኝ። የአክስቴን ሾርባና የእኔን ሩዝ ብንቀላቅለው ልክ ይመጣ ነበር! አክስቴ፣ እስኪ ጠጋ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ስመጣ ምን ላምጣላት? ሽቶ እንዳትዪኝ፤ ሽቶ የምትወጂው አንቺ ነሽ።»

ያልተሰፋ ሰማያዊ የቴትረን ጨርቅ ጭኔ ላይ ነበር። ፊቴን እሱ ውስጥ ቀበርኩ። ሲበቃኝ ቁልፉን ተጫንኩ። «ምንም አልፈልግ፣ እሷ ትምጣ እንጂ ትላለች» ብል ይበቃ ነበር። እሱ ቢያንስ እህቴ ያለችው ነው። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ አፌ ላይ አልመጣም። «ብርድ ልብስ ትላለች፤ ወፍራም» አልኩ።

እንደዚህ ጀመርኩ። በየሳምንቱ አንድ ነገር እፈጥራለሁ። እናትሽ ዛሬ ፀሐይ ሞቀች። ዛሬ ቅንጬ በላች። ዛሬ ስምሽን ጠርታ ሳቀች። መጀመሪያ ላይ የቀዳሁትን እየሰረዝኩ እንደገና እቀዳ ነበር፤ እየዋለ ሲያድር ቀለለኝ። ከዚህም ከፍ አልኩ። እህቴ በሕይወት እያለች ያላለችውን ጥሩ ነገር ሁሉ እንድትል አደረግኋት። በአራተኛው ወር ልጅቷ የምትፈልገውን ሳይሆን እኔ የምፈልገውን አስባልኳት።

«እናትሽ ዛሬ ምን አለችኝ መሰለሽ?» አልኩ። «ያን ጊዜ አሳልፋ ሰጠች ማለቴ ልክ አልነበረም፤ እህቴ ለልጄ እንደ እናት ናት፤ ይቅር ብያታለሁ አለች።»

የልጅቷ መልስ ወዲያው መጣ። እያለቀሰች ነው። «ወላሂ አክስቴ ይህ ነገር ሲያስጨንቀኝ ነበር። በእኔ የተነሣ እንደተቀያየማችሁ አውቅ ነበር። አልሐምዱሊላህ። በቃ አሁን ልቤ አረፈ። ግንባሯን ሳሚልኝ። አንቺንም እሷ ትሳምሽልኝ።»

ያን ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልናገርም። የዩኒፎርም ሽንሽን እየተኮስኩ እሰማው ነበር። የሞተች ሴት ይቅር እንድትለኝ አድርጌ ይቅርታውን እንደ እውነት ተቀበልኩት። ከሁሉ የሚከፋኝ ደስ ማለቱ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ስምንቱ ወር አለቀ፤ ልጅቷ መጣች። መርዶ ከአውሮፕላን ለወረደ ሰው እዚያው አይነገርም። በደንቡ ሌላ ቤት ተወስዳ በልታ፣ ታጥባ፣ አርፋ፣ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። ጎረቤቴ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወንድ ልጅ ስላላት እዚያ ወሰድናት።

«ለምንድን ነው ቤት ያልሄድነው?» አለች ደረጃውን ስንወጣ።

«ግቢያችን ውሃ ጠፍቶ ነው፤ ታጠቢና ትሄጃለሽ» አለቻት ጎረቤቴ።

«ለውሃ ብላችሁ ዓለም ባንክ! ሳዑዲ እያለሁ ኮልፌ በለፀገች እንዴ?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። ሻንጣዋን ከፍታ የእናቷን ዕቃ አሳየችን፤ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ማር፣ ለጉሮሮ የሚሆን የእንፋሎት መሣሪያ። መሣሪያው በምን ውሃ እንደሚሠራ ለጎረቤቴ ስታስረዳት ጎረቤቴ ተነሥታ ወደ ባኞ ቤት ገባች። እኔ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

ጠዋት ሀጂ ቆባቸውን አድርገው ከሦስት ሴቶች ጋር በሩ ላይ ሲቆሙ ማንም ምንም መናገር አላስፈለገውም።

ከቀናት በኋላ ልቅሶው ቀለል ሲል፣ ጎረቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ግን እንዲሰማኝ አድርጋ፣ «አክስትሽ ናት እንዳትሰማ ያለችው» አለቻት። ይህን አልረሳላትም። ልጅቷ ግን ተቆጣቻት።

«አክስቴን አትንኳት! እማ ራሷ ይቅር ብላታለች» አለችና ስልኳን አውጥታ ድምፄን ከፈተችው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ የመልእክቱን ቀን አየች። «እማ የሞተችው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ አንዷ ነገረቻት። ድጋሚ ስልኳን አየች። ስልኩን አጥፍታ ብብቷ ውስጥ አስገባችው። ቀና ብላ አላየችኝም።

ብቻችንን ስንሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሺ፤ ከሞተች በኋላ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው። ተረድቼሻለሁ፤ እንዳልጎዳ ብለሽ ነው። ከመሞቷ በፊት ያለውስ? እሱ የእሷ ነው አይደል?»

«የእሷ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ ብነግራት ኖሮ ቢያንስ አንድ ነገር ይቀንስ ነበር። አልነገርኳትም። እሷም ከሞት በኋላ ያለውን ሁሉ አጠፋችና ከዚያ በፊት ያለውን አስቀረች። በእናቷ አልጋ እየተኛች የመጨረሻዎቹን ሦስት አርቦች ደጋግማ ታዳምጣለች። በግድግዳው በኩል ድምፄን እሰማዋለሁ፤ «እናትሽ በርቺ ትልሻለች። ኮንትራትሽን በሰላም ጨርሺ ትላለች።»

በሁለት ወሯ ኤጀንሲው ደወለላት። ሌላ ቤት ተገኝቷል፤ ሁለት ዓመት። እሺ ማለቷን የነገረችኝ ሱቄ መጥታ ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው።

«አባያ ስፊልኝ። የድሮው ትከሻው ጠቦኛል።»

«ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት። «እዚህ ከእኔ ጋር መሥራት ትችያለሽ። መኪናውን ላስተምርሽ።»

«እማ በመጨረሻ ያለችኝ በርቺ ነው» አለች። «እሷ ታማ በርቺ ካለችኝ እኔ ጤነኛዋ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?»

ሜትሬን አንሥቼ ትከሻዋን ለካሁ። እውነትም ሰፍቷል፤ ሕፃናት ስትሸከም ነው። ሜትሩን ጀርባዋ ላይ እንደያዝኩ፣ ፊቷን ሳላይ ተናገርኩ።

«በርቺ አላለችም።»

አልተንቀሳቀሰችም።

«ትምጣልኝ በያት ነው ያለችኝ። በርቺ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ጨርቅ የማሰምርበት ጠመኔ ከጠረጴዛው ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። ማን እንደነካው አላውቅም። እሷ ዞረች።

«መቼ?»

ቀኑን ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። «አሥራ ዘጠኝ ቀን» አለች።

«ማዳምሽ አትለቅሽም ነበር…»

«አጠገብሽ ነበረች? እንዲህ ስትዪ ሰምታሻለች?»

ይህን እንዳትጠይቀኝ ነበር ሁለት ወር ሙሉ የፈራሁት።

«ሰምታኛለች።»

«ምን አለች?»

«ልትናገር ፈልጋ ነበር። አላጎነበስኩም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያለቀሰች መስሎኝ ጠጋ አልኩ፤ አላለቀሰችም።

«ማዳም እንቢ ትለኝ ነበር ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «እንቢታውን ግን ከእሷ አፍ በሰማሁት። እግሯ ላይ ወድቄ በለመንኳት። ፖሊስ ቢይዘኝም በያዘኝ። እማም ልጄ እየመጣች ነው እያለች በሞተች። አንቺ ምን አገባሽ? ማን ወከለሽ?»

መልስ ያለኝ መሰለኝ። «እሷም እኮ እኔን…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የእናታችሁን ሞት ደብቃሽ ነበር። ነግራኛለች። ‹አጥፍቻለሁ፤ እህቴ እስካሁን ይዛብኛለች፣ እኔም አፍ አውጥቼ ይቅር በይኝ አላልኳትም› ብላኛለች። ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ግድግዳ ተደግፈን ኖርን ማለት ይቻላል፤ ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አላለችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ አንገቴን በእጇ ይዛ ለመነችኝ፤ እሱም ስለዚያ ነገር አልነበረም።

ልጅቷ ጨርቁን አጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች። በማግሥቱ ለኤጀንሲው ደውላ አልሄድም አለች። ምክንያቷን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም ጭምር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አልጋዋን ሸጠች፣ የእናቷን ክፍል ለቀበሌ አስረከበችና ከአረብ አገር ከተመለሱ ሁለት ልጆች ጋር አስኮ ቤት ተከራየች። ጫማ ፋብሪካ ገብታለች ሲሉ ሰማሁ።

ሰዎች «ለእሷ ብለሽ ነው የነገርሻት፤ ቢያንስ አልተሰደደችም» ይሉኛል። ጎረቤቴ እንኳ እንዲህ ትላለች። እኔ ግን ያን ቀን ሜትሩን ይዤ የቆምኩበትን ልብ አውቀዋለሁ። አንደኛው እጄ እውነቱ ይታወቅ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ትታኝ እንዳትሄድ ይላል። የትኛው እንዳናገረኝ እስካሁን ለይቼ አልነገርኩም፤ ለራሴም። እህቴን ያን አርብ ስከዳት ለልጅቷ ብዬ ነው ያልኩትም እንደዚሁ ነበር።

ባለፈው የረመዳን መግቢያ ላይ ቴትረን ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ፌርማታው ላይ አየኋት። ወፍራ ነበር፤ ደስ አለኝ። እሷ ቀድማ ወደ እኔ መጣች።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አንድ ቀን ብትመጪ…» አልኩ።

«ሥራ ይበዛል» አለች።

ታክሲ መጣ፤ ሰው ተጋፋ። በክንዷ ሰዉን ገለል አድርጋ በሩ ድረስ አደረሰችኝ፤ ከረጢቴን ተቀብላ ቀድማ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ክርኔን ይዛ ደግፋ አስገባችኝ። ከጎኔ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። ሹፌሩ «አንድ ሰው!» ብሎ ጮኸ። ወደ አስኮ ለመሄድ በዚያው መንገድ ግማሹን አብረን መሄድ እንችል ነበር። ወንበሩን በእጄ መታ መታ አደረግኩላት።

«ሂጂ አንቺ» አለችኝ። «እኔ የሚቀጥለውን እይዛለሁ።»

በሩን ራሷ ዘጋችልኝ።